ባሕሩ እስኪዘጋ

ባሏ መቼ እንደሚመጣ የሚነግራት ባሕሩ ነበር።

ሰውየው በምድር ሰሜን ጫፍ፣ ተመራማሪዎች ጭና በምትዞር መርከብ ላይ ምግብ ያበስላል። የመርከቧ ሰዎች «ጭልፋው» ይሉታል፤ ጭልፋ ሳይዝ ያየው ሰው ስለሌለ ነው። መርከቧ የባሕሩ በረዶ ሲሳሳ ትገባለች። ውሃው እንደገና በረዶ መሆን ሲጀምር ደግሞ በረዶው ሳይቀረቅራት ትወጣለች። ስለዚህ «ባሕሩ ሊዘጋ ነው» የሚል ድምፅ በስልክ ከመጣ፣ ጭልፋው ሻንጣውን እያሰናዳ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ሚስቱ የአልጋ ልብስ ታጥባለች፣ መስኮት ሥር የተወሸቀውን የእሱን ወንበር ወደ ጠረጴዛው ትመልሳለች፣ ጸጉሯን ትሠራለች። ጎረቤቶችም ጸጉሯን አይተው «ባሕሩ ተዘጋ እንዴ?» ይሏታል። በዚያ ሰፈር ባሕር አይቶ የማያውቀው ሰው ሁሉ የባሕሩን መዘጋት ያውቃል።

በትዳር ዘመናቸው አንድ ቀን «ና» ብላው አታውቅም። ምን ሊያደርግላት? በረዶው ይጠራላታል። እሱም «ልምጣ?» ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ነገሩ በኩራት ተጀመረ፣ ከዚያ ልማድ ሆነ። ሌሎች ሴቶች ያመሸ ባላቸውን በስልክ ሲያሳድዱ ስታይ «እኔስ ተገላገልኩ» ትል ነበር። ግማሹን ከልቧ ነው።

ዘንድሮ ባሕሩ አልተዘጋም። ብርዱ ሊገባ ሲል ይመጣ የነበረ ሰው፣ የብርዱ ወራት ተጋምሰውም የለም። ወንበሩ መስኮቱ ሥር ነው።

እሷ የከተማዋ የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ናት። ጣቢያው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ሁለት ረዣዥም የመስታወት ቤቶች፣ አንድ የአፈር መጋዘን፣ አንድ የማሞቂያ ቦይለር። በመንገድ ዳርና በትምህርት ቤት ግቢ የሚተከለው ዛፍ ሁሉ መጀመሪያ በእሷ እጅ ያልፋል። ጥፍሯ ሥር አፈር ጠፍቶ አያውቅም። ችግኝን ከዓይኗ ይልቅ በጣቷ ታምናለች፤ ከረጢቱን ጨበጥ አድርጋ ውሃ መጥገቡን፣ ግንዱን ገፋ አድርጋ መጠንከሩን ትለያለች። ሠራተኞቹ «አለቃ» ይሏታል፣ እሷም ትቆጣቸዋለች፣ እነሱም አይተውም።

ቦይለሩን የሚጠብቀው ሰውዬ «ምድጃ» ይባላል። አፉም እንደ ሥራው አይበርድም።

ያን ሰሞን አየሩ አመል አጥቶ ነበር። ጠዋት ካፖርቱን ለብሶ የወጣ ሰው ቀትር ላይ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎት ይሄዳል። የመንገድ ዳር ዛፎች ያለጊዜያቸው እንቡጥ ቋጠሩ። ምድጃ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ቦይለር ቤቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

«አለቃ፣ ከተማው እኮ እኔን በነፃ እየቀለበኝ ነው።»

«የውጭውን ቧንቧ ፈትሽ። ብርዱ አላለቀም።»

«ብርድ? ብርድ ያለው ባልሽ ጋ ነው። ጠቅልሎ እንዳያመጣብን ብቻ ንገሪው።»

«እሱ መቼ መጣና!» አለች። ልትቀልድ ነበር፤ አፏ ላይ ሌላ ነገር ሆነባት። ምድጃም ገብቶት ወደ ፀሐዩ ዞረ።

ስህተቱን የሠራችው በዚያ ሳምንት ነው። መስታወት ቤት ውስጥ ያሉት ችግኞች በሙቀቱ ተታለው ተመዘው ነበር፤ ቀጫጭን ሆነው ወደ ላይ ሄዱ። እንዲህ ሲሆን ወደ ውጭ አውጥቶ ነፋስ ማለማመድ ደግ ነው፤ ግንዳቸው ይጠነክራል። ግን ይህ ብርዱ ካለፈ በኋላ የሚሠራ ሥራ ነው። ይህን እሷ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። በእሷ አቆጣጠር ግን ብርድ የሚገባው እሱ ሲገባ ነው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር፤ እሱ በር ላይ ቦርሳውን ሲጥል ውጭ ይነፍሳል፣ ሻይ ይጣዳል፣ ብርዱ ተጀመረ ይባላል። ዘንድሮ እሱ ስላልመጣ፣ ብርዱም ሳይመጣ ያለፈ መሰላት። መሰላት ብቻ ሳይሆን፣ እንዲያልፍላት ፈለገች።

«አውጧቸው» አለች። በሦስት ቀን ችግኞቹን ሁሉ አወጧቸው። ጓሮው ከግንብ እስከ ግንብ አረንጓዴ ሆነ።

ሥራው ባለቀበት ዕለት ማታ፣ ራት እየበሉ፣ ስልኩ ጮኸ። ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ እሷና የባሏ እናት። አማቷ ጉልበታቸው ከዳቸው እንጂ ምላሳቸው እንደተሳለ ነው። ስልክ ሲመጣ እንዳልሰማ ሰው ሾርባቸውን ያማስላሉ፣ አንዲት ቃል ግን አታመልጣቸውም።

ከመርከቧ የሚመጣ ድምፅ ሰማይ ወጥቶ በሳተላይት ዞሮ ስለሚወርድ ይዘገያል። ባልና ሚስት ወይ አንድ ላይ ይናገራሉ፣ ወይ አንድ ላይ ዝም ይላሉ።

«ባሕሩ እንዴት ነው?» አለች። ከጤናው በፊት ሁልጊዜ የምትጠይቀው ይህን ነው።

«ክፍት ነው። ዛሬ ደግሞ ምን ዘነበ መሰለሽ? ዝናብ! ውሃ! በዚህ ወር፣ በዚህ ጨለማ! የሾርባ ድስት ይዤ መርከቧ ወለል ላይ ተንሸራተትኩ።»

«ሾርባውስ ተረፈ?»

«ሾርባው ተረፈ። የፈሰስኩት እኔ ነኝ።»

ሳቀች። ሳቋ እሱ ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር ጀምሮ ነበር።

«ስሚማ። አለቆቹ፣ በረዶው ካላባረረን ለምን እንወጣለን አሉ። መርከቧ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ልትቆይ ነው። እኔንም ቆይ ብለውኛል። መሄድ የሚፈልግ፣ ስንቅ ይዛ በምትመጣው መርከብ ዓርብ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ እስከ ከርሞ መውጫ የለም።» ቆም አለ። «ምን ትያለሽ?»

የአማቷ ማንኪያ ቆመ።

ጠይቋት አያውቅም ነበር፤ ጠየቃት። ምን እንደሚባል አላወቀችም።

«እንደወደድክ» አለች።

«እንደወደድክ?»

«ሥራው ያንተ ነው። አንተ ነህ የምታውቀው።»

«እሺ» አለ። «እናቴን ሳሚልኝ።»

አልሳመቻቸውም። ሳህኑን አነሳስታ ጀርባዋን ሰጥታቸው ታጥብ ጀመር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ራዲዮ፣ ከሰሜን ብርድ እየወረደ ነው አለ። ሰው ሳቀ። ምድጃም በሸሚዙ ሆኖ ሳቀ። አሥር ሰዓት ላይ ነፋሱ ዞረ፤ ሳቁም ቆመ። ከመናኸሪያው የሚወጣው የአውቶቡስ ጭስ ወደ ላይ መውጣት ትቶ መሬት ለመሬት ይሄድ ጀመር። ሰማዩ ጠራ፣ ከመጠን በላይ ጠራ። እሷ ያን ጥራት ታውቀዋለች፤ ውርጭ ይከተለዋል።

«አስገቧቸው!»

ማውጣት ሦስት ቀን የፈጀውን፣ ማስገባት ከሰዓት በኋላ ብቻ አይበቃውም። እስኪጨልም ተሯሯጡ። የቀረውን ሸራ አለበሱት፤ ሸራው ሲያልቅ ውሃ መርጫዎቹን ከፈቱ። ይህ ለሰሚ እብደት ይመስላል፤ ግን ውሃው በቅጠሉ ላይ በረዶ ሲሆን ጥቂት ሙቀት ይለቃል፣ ሳያቋርጥ ከተረጨ ቅጠሉን ያቆየዋል። ሳያቋርጥ ከተረጨ ነው።

ጎህ ሲቀድ ስትደርስ መርጫዎቹ ቆመው ነበር። የውጭው ቧንቧ ውሃው ውስጡ ጠጥሮ ፈንድቷል። ጓሮው ሁሉ መስታወት ውስጥ የተነከረ ይመስላል፤ እያንዳንዱ ቅጠል በራሱ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ ያበራል። የማያውቅ ሰው ቢያየው ፎቶ ያነሳ ነበር። እሷ አንዱን ቅጠል በጣቷ ስትነካው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ምድጃ ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ከኋላዋ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ።

«ቧንቧውን ፈትሽ ብለሽኝ ነበር።»

«ያወጣኋቸው እኔ ነኝ» አለች። «ና፣ የቻልነውን እናትርፍ።»

ብርዱ አልለቀቀም። በነጋታው የከተማው ፏፏቴ ባለበት ቆመ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። በየቤቱ መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለ። አማቷ ካልሲያቸው ላይ ካልሲ ደርበው «ልጄ ያለው ከዚህ የባሰ አገር ነው፣ ምስኪን» ሲሉ፣ ምስኪኑ ደወለ። እሱ ያለበት፣ እነሱ ካሉበት ይሞቅ ነበር።

«በራዲዮ ሰማሁ» አለ። «ደህና ናችሁ? ችግኞችሽስ?»

«ግማሹ ሄደ።»

«አይይ!» አለ። እውነቱን ነው የተጨነቀው፤ ድምፁን ታውቀዋለች። «ዶክተሯን ጠየቅኳት፣ ያቺን በረዶ የምትለካዋን። ድንች እየላጠችልኝ አስረዳችኝ። እዚህ ጫፉ ላይ ብርዱን ዙሪያውን ይዞ የሚሄድ ነፋስ አለ፣ እንደ ቀበቶ። ቀበቶውን የሚያጠብቀው፣ እዚህ ያለው ብርድ እናንተ ጋ ካለው ሙቀት በጣም መራራቁ ነው። አሁን ባሕሩ ክዳን የለውም። ፀሐይ በነበረበት ወራት የጠጣውን ሙቀት ቀን ከሌት ወደ ሰማይ ይተፋል። እዚህ ሲሞቅ ርቀቱ ቀነሰ፣ ቀበቶው ላላ። የላላ ቀበቶ ደግሞ ታውቂያለሽ፤ የእኔ ሱሪ ነው። አንድ ጎኑ ይወርዳል።»

«የወረደውም እኛ ላይ ነው።»

«እናንተ ላይ ነው።»

«እርግጠኛ ናት?»

«አይደለችም። ገሚሶቹ እንደ እሷ ይላሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ብርድ ድሮም አንዳንዴ ይወርድ ነበር ይላሉ። ማዕድ ላይ ሲጨቃጨቁ ማንኪያ መወራወር ነው የቀራቸው። ባሕሩ አልተዘጋም በሚለው ግን ሁሉም አንድ ናቸው።»

«በሩን ከፍታችሁት ነው እንግዲህ!» ብለው ጮኹ አማቷ ከሶፋው ላይ። «ልጅ እያለህም በር መዝጋት አታውቅም ነበር!»

ሦስቱም ሳቁ፤ ሳቁ በየተራ ደረሰ። ከዚያ እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ነገ ዓርብ ነው።»

«አዎ።»

«እቆያለሁ ልላቸው ነው እንግዲህ።»

ጥያቄ አልነበረም፤ ጥያቄ አለመሆኑም አልታወቀም። እጇ ላይ የስልኩ ሙቀት ይሰማታል። ከሳተላይቱ መዘግየት በላይ እንደቆየች ታውቃለች።

«እሺ» አለች።

ስልኩ ሲዘጋ አማቷ ሁለቱን እግራቸውን ከሶፋው አወረዱ። ይህን የሚያደርጉት ነገር ሲመጣ ብቻ ነው።

«እሺ? ምኑ ነው እሺ?»

«ምን ልበል፣ እማማ? ሥራው ነው።»

«ሥራውን ጠየቀሽ? አንቺን ነው የጠየቀሽ፣ ሁለት ጊዜ። እኔ ያንን ልጅ ወልጄዋለሁ። ሲመሽ የሰፈር ልጅ ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ እሱ ደጃፍ ላይ ይገተራል። ርቦት፣ በርዶት፣ አፍንጫው እየፈሰሰ። የከለከለው የለም፣ በሩ ክፍት ነው። ካልጠራሁት አይገባም። እንዲህ ያለ ሰው አለ።»

«እርስዎ ይጥሩት እንግዲህ።»

«እኔማ ብጠራው ነገውኑ ይነሳል። እናቱ ጠራችው፣ ለእናቱ መጣ። አንቺ የምትፈልጊው እሱን ነው?»

ብርድ ልብሱን ጫፉን እያጠፈች እየዘረጋች ቆየች።

«እምቢ ቢለኝስ?» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

አማቷ እግራቸውን ወደ ሶፋው መለሱ። «እሱን እኔም አላውቅም፣ ልጄ» አሉ።

የበረዶው ደግነት ይህ ነበር፤ ማንም እምቢ አይለውም። እሱ በየዓመቱ መጣ፣ እሷም በየዓመቱ በሩን ከፈተች። ወደ እሷ ይሁን ከበረዶው ሸሽቶ፣ አንድም ቀን ማወቅ አላስፈለጋትም። ማወቁንም አልፈለገችም። አሁን ወደ ሰሜን ብትመለከት ጥቁር ክፍት ውሃ ነው። በእሷና በእሱ መሃል የሚናገርላት ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን እውነት ነው፤ ናፍቋታል። ድስት ሲከድን የሚያሰማው ፉጨት ናፍቋታል። ተኝቶ ብርድ ልብሱን ሁሉ ወደ እሱ ሲጠቀልል፣ እሷም ስትጎትት፣ እሱም ሳይነቃ «ውሰጂው፣ ውሰጂው» ሲል። ችግኝ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ምንም ሳይሠራ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ሰውን ሥራ ሲያስፈታ። ይህን ሁሉ ለእሱ ነግራው አታውቅም። ለማን ነው የነገረችው? ለማንም አልነገረችም።

ዓርብ ጠዋት መስታወት ቤት ውስጥ ነበረች። ብርዱ ባለበት ነው። ምድጃ ከወለሉ በታች ተጋድሞ አዲስ ቧንቧ ይገጥማል፤ ሰውነቱ አይታይም፣ ሁለት ጫማና ስድብ ብቻ። የተረፉት ችግኞች ጥግ ለጥግ ተጨናንቀዋል። ወደ መርከቧ ስልክ መታች። በዚህ በኩል ደውላ አታውቅም፤ ደዋዩ ሁልጊዜ እሱ ነው። የመገናኛ ሠራተኛው ማንን እንደምትፈልግ ሲጠይቃት የባሏን ስም ተናገረች። ሰውየው «እንዲህ የሚባል ሰው የለንም» አላት።

«ጭልፋው» አለች።

«አ! ጭልፋውን ነው! ቆዪ።»

ቆየች። የብረት ደረጃ ላይ የሚሮጥ እግር ሰማች። ከዚያ የእሱን ትንፋሽ።

«ምን ሆናችሁ? እናቴ ናት?»

«እናትህ ደህና ናት።»

«ምነው ታዲያ?»

ሌሊቱን ሙሉ ቃል ስትመርጥ ነበር ያደረችው። ስለ ቤቱ፣ ስለ ዕድሜያቸው፣ ስለ ችግኞቹ ልትናገር ነበር። አንዱም አልመጣላትም።

«ና» አለች።

ቃሉ ወደ ሰማይ ወጣ። ከወለሉ በታች ምድጃ መዶሻውን አቆመ።

«ምን አልሽ? መስመሩ...»

«ና ነው ያልኩህ። ባሕሩ ቢዘጋም ባይዘጋም። ና።»

በመስመሩ ላይ ክዳኑን የሚያንኳኳ ድስት ይሰማል፣ ሩቅ ሰው ዳቦ ይጠይቃል። በአንድ እጇ የመደርደሪያውን ብረት ይዛለች፤ ብርዱ መዳፏ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ አልለቀቀችውም።

«እስከ ዛሬ ለምን አላልሽኝም?» አለ።

«በረዶው ይልልኝ ነበር።»

«እኔ እኮ...» ቆመ። «እኔ እኮ በረዶ ያባረረኝ ጊዜ የምታስጠጊኝ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ከዚያ በላይ መጠየቅ አፈርኩ።»

«ደደብ!» አለችው። ከዚያ በላይ ብትናገር ድምፅዋ ይከዳታል።

«መርከቧ ከቀትር በኋላ ነው የምትነሳው» አለ እሱ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ። «ምሳ እሳት ላይ ነው። ጓዜን አልሰበሰብኩም። ድስቱን ለማን እተዋለሁ?»

«ለዶክተሯ ተውላት።»

«ታሳርረዋለች።»

«ታሳርረው።»

ይህም ቃሏ ሄዶ እስኪመለስ ቆየ።

«ታሳርረው» አለ ጭልፋው። መስመሩም ተቋረጠ።

ምድጃ ከወለሉ በታች ብቅ አለ። ፊቱ በጥቀርሻ ጠቁሯል፣ ጆሮው ግን ሁሉን ሰምቷል።

«ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«መቼ?»

እውነቱን ለመናገር አላወቀችም። ስንቅ ጫኟ መርከብ የምታርፍበት ወደብ በዚሁ ብርድ ሥር ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ በበረዶ ተዘግቷል፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ከትናንት ጀምሮ አይሠራም። ድሮ ቢሆን የባሕሩን ሁኔታ ጠይቃ ቀኑን ትገምት ነበር። አሁን የምትጠይቀው ነገር የለም፤ ሰውየው ራሱ መንገድ ሊጀምር ነው፣ በየትኛው መንገድ እንደሚመጣም አይታወቅም።

«እኔ እንጃ» አለች። ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ተንበረከከች። «ያንን የቧንቧ ጫፍ ያዝልኝ፣ እኔ ላጥብቀው።»